ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት ከአይጥ መጠበቅ፦ ለአራዳና ለፒያሳ አሮጌ ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በአራዳ አሮጌ ቤት ያደገ ሰው አይጥን ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ለምዶታል። ማታ ኮርኒሱ ላይ ሩጫ ሲነሳ አንዱ ጫማ አንስቶ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ይላል፤ ሁሉም ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት የቤቱ እመቤት መጥረጊያ አንስታ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን የአይጥ ሰገራ ጠራርጋ ትጥላለች። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ይህ ልማድ በሁለት ምክንያት መቅረት አለበት። አንደኛ፣ ደረቅ መጥረጊያ በሰገራው ውስጥ ያለውን በሽታ ከወለል አንስቶ ወደ አፍንጫ ያደርሰዋል። ሁለተኛ፣ መጥረጊያውን የምትይዘው ብዙውን ጊዜ ራሷ ነፍሰ ጡሯ ናት።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ምክር ሁለት ነገር ነው። ሥራውን ከእሷ እጅ ውሰዱ፤ ከዚያም በቅደም ተከተል ሥሩት። ብዙ ቤተሰብ የሚጀምረው ከመርዝ ነው። መርዝ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

አይጥ ለነፍሰ ጡር ምን ያመጣል?

ጥቂቶቹን ማወቅ ይበቃል፤ ከታች ያሉት ደረጃዎች ለምን እንደዚያ እንደተቀመጡ የሚገባው ከዚህ ነው።

ሌፕቶስፓይሮሲስ፦ በአይጥ ሽንት የተበከለ ውኃ ወይም ጭቃ በቁስል፣ በዓይን ወይም በአፍ ሲገባ ይይዛል። ትኩሳት፣ የባትና የወገብ ብርቱ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ ሲብስም የዓይን ቢጫ መሆንን ያመጣል። በነፍሰ ጡር ላይ ጽንሱ እስኪጨነግፍ ሊያደርስ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

ኤልሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ፦ የሚሸከመው በተለይ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ከሽንቷ፣ ከሰገራዋና ከጎጆዋ አቧራ ጋር ይተነፈሳል። እናቲቱ እንደ ጉንፋን ተሰምቷት ሊያልፍ ይችላል። ወደ ጽንሱ ከተሻገረ ግን ውርጃን፣ በሕፃኑ ጭንቅላት ውስጥ ውኃ መጠራቀምን ወይም የዓይን ጉዳትን ሊያስከትል ይችላል።

በንክሻ የሚመጣ ትኩሳት፦ አይጥ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ ሽፍታና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞ ይመጣል።

የአይጥ ቁንጫ የሚያስተላልፈው ታይፈስ፦ አይጧ ስትሞት ቁንጫዋ ሌላ ደም ፍለጋ ይወጣል። የሞተች አይጥ በኮርኒስ ውስጥ ተረስታ መቅረት የሌለባት በሽታዋ ብቻ ሳይሆን ቁንጫዋም ስለሚተርፍ ነው።

አንድ ሒሳብ ልጨምር። አይጥ የምታረግዘው 3 ሳምንት ያህል ነው። በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ6 በላይ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በ2 ወይም በ3 ወር ውስጥ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በ3ኛው የእርግዝና ወር ላይ ችላ የተባሉ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አይጥ፣ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ ሙሉ መንጋ ሆነው ይጠብቁታል። ሥራው ዛሬ ይጀመር።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የጎማ ጓንት፣ ማስክ፣ በረኪና፣ መርጫ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጨርቅ ወይም ሶፍት፣ ወፍራም ፌስታል፣ የድስት መፈተጊያ የብረት ሽቦ፣ ጥቂት ሲሚንቶና አሸዋ፣ ቁራጭ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ክዳን ያላቸው የብረት ወይም የወፍራም ፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ቢያንስ 4 የሚፈናጠር የአይጥ ወጥመድ። አብዛኛው ቤት ውስጥ አለ፤ የቀረው ከማንኛውም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል።

ደረጃ 1፦ ሥራ ተከፋፈሉ

ሰገራ ማጽዳት፣ ቀዳዳ መድፈን፣ ወጥመድ ማንሳት፣ የድመት ቆሻሻ መድፋት፣ ኮርኒስ መክፈት፣ መርዝ መንካት፦ እነዚህን ነፍሰ ጡር አትሠራም። ባል፣ እህት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ይውሰዳቸው። ብቻዋን የምትኖር ከሆነች ለእድሯ ወይም ለወረዳው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትናገር፤ ይህ የሚያሳፍር ጉዳይ አይደለም።

በቀበሌ ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ቡና ላይ ተነጋገሩበት። ማድቤቱ የጋራ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ግድግዳው የጋራ በሆነበት ግቢ አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ አይጧ ወደ ጎረቤት ሄዳ በሳምንቱ ትመለሳለች። አንድ ቅዳሜ ቁረጡና ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ይጀምር።

ደረጃ 2፦ የት እንዳለች እወቁ

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ በባትሪ ዙሩ። ሦስት ምልክት ፈልጉ፦ ሰገራ፣ በግድግዳ ጥግ ላይ ጥቁር የቅባት መስመር፣ የተበላ ጣውላ ወይም ጆንያ። አይጥ መሐል ወለል ላይ መሮጥ አትወድም፤ ጎኗን ከግድግዳ ጋር እያሻሸች ትሄዳለች፤ መስመሩ የሚጠቁረው ለዚህ ነው።

የፒያሳ አሮጌ ቤት ለአይጥ የሚመቹ ሦስት ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው ከጣውላው ወለል ሥር ያለው ክፍተት ነው። ቤቱ እርጥበት እንዳይገባው በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ ያ ክፍተት ዛሬ የአይጥ መኝታ ነው። ሁለተኛው ኮርኒሱ ነው። አቡጀዴ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ ኮርኒስ ከሆነ የቢጫ ሽንት ክብ ምልክት ይታይበታል፤ ያን ክብ ካያችሁ ከሥሩ አልጋ አትዘርጉ። ሦስተኛው የጭቃ ግድግዳው ነው። ጭቃው ከማገሩ ሲላቀቅ በመሐሉ መተላለፊያ ይከፈታል፤ በጋዜጣ ወይም በወረቀት የተለበጠ ግድግዳ ደግሞ ቀዳዳውን ይደብቀዋል። በእጅ ጀርባ ኳ ኳ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ምልክት አድርጉበት።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት መፍረሳቸው በአካባቢው ለቀሩት ቤቶች አንድ ትምህርት ጥሎላቸው አልፏል፦ አጠገብ ያለ ቤት ሲፈርስ አይጧ አብራ አትጠፋም፤ ጎጆዋን ታዛውራለች። በአካባቢያችሁ ፍርስራሽ ወይም ቁፋሮ ካለ ምንም ምልክት ባታዩም ደረጃ 3ን እና 5ን ቀድማችሁ ሥሩ።

ደረጃ 3፦ ምግብና ውኃ ንፈጓት

ከሁሉም ይበልጥ የሚሠራው ይህ ነው፤ ሁሉም ግን ይዘለዋል። ድሮ የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ አካባቢ በነበረበት ዘመን እህሉ ከገበያው ወደየቤቱ ይገባ ነበር። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ቢያዛውረውም የጤፍ ጆንያ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማስቀመጥ እንደ ቀድሞው ቀርቷል። ጆንያ ለአይጥ በር እንጂ ግድግዳ አይደለም።

ጤፉን፣ ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውንና ቆሎውን ክዳኑ ግጥም በሚል ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ገልብጡ። ዕቃውንም ከወለል አንድ ክንድ ያህል፣ ከግድግዳም በመጠኑ አርቁ። ሊጡን ሌሊት ክደኑ፤ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑ። እንጀራው ክዳን በሌለው መሶብ አይደር። ያልታጠበ ድስትና ሳህን አይደር። ፍርፋሪ ከመኝታ በፊት ይነሳ። ቆሻሻው በታሰረ ፌስታል ክዳን ባለው ባልዲ ይቆይ፤ የድመትና የውሻ ትርፍራፊም ሌሊቱን ሜዳ ላይ አይደር።

ውኃን አትርሱ። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜልና ጀሪካን አለ። ትልቋ አይጥ ያለ ውኃ አትቆይም፤ ክፍት በርሜል ጠጥታበት፣ ሽንቷን ጥላበት ትሄዳለች። በርሜሉን ክደኑ፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ አሠሩ። ነፍሰ ጡሯ የምትጠጣው ውኃ ተፈልቶ ወይም ታክሞ ከተከደነ ዕቃ ይቀዳ። ከሱቅ የመጣ ለስላሳ ወይም የታሸገ ምግብ ከመከፈቱ በፊት ክዳኑ በሳሙና ይታጠብ፤ መጋዘን ውስጥ ማን እንደሄደበት አይታወቅም።

ደረጃ 4፦ ሰገራውን አርጥባችሁ አጽዱ

ነፍሰ ጡሯ ከቤት ትውጣ፤ በር መስኮቱን ከፍታችሁ ለ30 ደቂቃ ቤቱ ይተንፍስ። ከዚያ፦

አንድ ስኒ በረኪና በዘጠኝ ስኒ ውኃ በጥብጡ። የዕለቱን በዕለቱ እንጂ ያደረውን አትጠቀሙ። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ጓንትና ማስክ አድርጉ። ሰገራውን፣ ሽንት ያለበትን ቦታና ጎጆውን እስኪረጥብ ድረስ ርጩ። ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቁ። መጥረጊያ አትንኩ።

በሶፍት ወይም በጨርቅ አንሡ፤ ጨርቁን ከነቆሻሻው በፌስታል አድርጋችሁ በሁለተኛ ፌስታል ድገሙት፤ አስራችሁ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ጣሉ። ወለሉን እንደገና በዚያው ውኃ ወልውሉ። ጓንቱን ከማውለቃችሁ በፊት ጓንቱን፣ ካወለቃችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አይጥ የሄደበትን አንሶላና ልብስ በፈላ ውኃ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ አስጡ። የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ነፍሰ ጡሯ አትመለስ።

ደረጃ 5፦ ቀዳዳውን ድፈኑ

ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያሳልፍ ቀዳዳ ትገባለች፤ ትልቋ የአውራ ጣት ውፍረት ይበቃታል። ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ እንጨት ወይም ጭቃ ብቻውን አያቆማትም፤ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። የድስት መፈተጊያውን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አጭቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ምረጉ። የበሩ ታችኛ ጫፍ ከወለሉ ጋር ክፍተት ካለው ቁራጭ ቆርቆሮ ምቱበት። የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ እሱን ደጋግማችሁ እዩ። ከወለል ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ግን በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ ጣውላው ይበሰብሳል። ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ሽቦ ምቱበት።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ለትልቅ ጥገና ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ወረዳውን ጠይቁ፤ ቀዳዳ መድፈን ግን የዕለት ጥንቃቄ ነው።

ደረጃ 6፦ ወጥመድ አኑሩ

ወጥመዱን ጥቁሩ መስመር ባለበት፣ መብሉ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙራችሁ አስቀምጡ። ትንሽ የለውዝ ቅቤ ይበቃል፤ ብዙ ከሆነ ወጥመዱን ሳታስፈናጥር በልታ ትሄዳለች። ትልቋ አይጥ አዲስ ዕቃ ትጠረጥራለች፤ ስለዚህ ለጥቂት ሌሊት ሳትወጥሩ መብሉን ብቻ አስለምዷት። መብላት ስትጀምር ወጥሩት። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን።

ማጣበቂያ ሙጫ አትጠቀሙ። አይጧ በሕይወት ሆና ስትታገል ሽንቷን ትለቃለች፤ ያ ደግሞ የምንሸሸው ነገር ነው። የሞተችውን በበረኪና ውኃ ረጭታችሁ፣ በጓንት አንስታችሁ፣ እንደ ደረጃ 4 በሁለት ፌስታል አስራችሁ ጣሉ።

ደረጃ 7፦ ድመቷን በሥርዓት ያዙ

በአራዳ ግቢ የአይጥ መድኃኒት ድመት ናት ይባላል፤ ሐሰት አይደለም። የድመት መንኩሴ ዓመሏን አትረሴ እንደሚባለው የጠገበችም ድመት ታድናለች። ለነፍሰ ጡር የሚያሳስበው ግን ማደኗ ነው። አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ የበላች ድመት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዛትና በሰገራዋ ሊወጣ ይችላል። እናቲቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ከያዛት ወደ ጽንሱ ሊሻገር፣ ዓይኑንና አእምሮውን ሊጎዳ ይችላል።

ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። የድመት ሰገራ ተላላፊ መሆን የሚጀምረው ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሣው። ነፍሰ ጡሯ ጓሮ ውስጥ ጎመን ስትቆርጥ ወይም አፈር ስትነካ ጓንት ታድርግ። ቅጠላ ቅጠልና ሰላጣ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብ። ከሥጋ ቤት የመጣ ጥሬ ትርፍራፊ ለድመቷ አይጣል።

እዚህ ላይ ለእናቲቱም ግልጽ እንናገር፦ ለቶክሶፕላዝማ ከድመት ባላነሰ የሚያጋልጠው ጥሬ ሥጋ ነው። እስክትወልድ ድረስ ቁርጡም፣ ጥሬ ክትፎውም፣ ለብለቡም ይቅር። ክትፎ ካማራት ቀይነቱ እስኪጠፋ ይብሰልላት።

ደረጃ 8፦ መርዝ፣ የመጨረሻው አማራጭ

ከላይ ያሉት ሁሉ ተሠርተው አይጧ ካልጠፋች ብቻ ወደ መርዝ ሂዱ። በእግረኛ መንገድ በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ፣ ስምና መመሪያ ሳይኖረው የሚሸጥ ዱቄት አትግዙ። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ከሆነ ዚንክ ፎስፋይድ ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ውስጥ ሲገባ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ለነቀዝ ተብሎ እህል ውስጥ የሚጨመረው ኪኒንም ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ይህንኑ ጋዝ ይለቃል። ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ አይግባ።

የግድ ከሆነ ስሙና መመሪያው የተጻፈበትን፣ በሰም ተጋግሮ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ዓይነት ከታወቀ የግብርና ግብዓት መሸጫ ግዙ። ይህ ደምን የሚያቀጥን ነው፤ ለሰውም አደገኛ ቢሆንም በቶሎ ሐኪም ጋ ከተደረሰ በቫይታሚን ኬ ይታከማል። ከወጥ ቤት፣ ከሕፃናትና ከዶሮ አርቁት፤ የሞቱትን አይጦች በየቀኑ ፈልጋችሁ አንሡ።

ሰው መርዝ ከዋጠ አታስታውኩት። ወተት አጠጥቶ ማየት ጊዜ ማባከን ነው እንጂ አያድንም። መስኮት ክፈቱ፤ የመርዙን መያዣ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት በ939 ይገኛል።

ደረጃ 9፦ በክረምት ተጨማሪ ጥንቃቄ

ከሐምሌ ጀምሮ ቦዮች ሲሞሉ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ወንዙ ሲደፈርስ፣ አይጥ ከጉድጓዷ ወጥታ ቤት ትፈልጋለች፤ ሽንቷም ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። ነፍሰ ጡር በነጠላ ጫማ ጎርፍ ውስጥ አትግባ፤ ግዴታ ከሆነ ቦቲ ታድርግ። እግሯ ላይ ቁስል ካለ ይሸፈን፤ ቤት እንደገባች በሳሙና ትታጠብ።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ?

አይጥ ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በወራጅ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዕለቱ ሂዱ። የእርግዝና ክትትል ካርዱን ያዙ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዷ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከአይጥ የሚመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ውሻ ወይም ድመት ከነከሰች ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አትዘግዩ።

ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የባት ሕመም፣ ሽፍታ፣ የዓይን መቅላት ወይም ቢጫ መሆን፣ ደም መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ በዚያው ቀን ሂዱ። ለባለሙያው በራሳችሁ አንደበት «ቤታችን አይጥ አለ» ወይም «ጎርፍ ውስጥ ገብቼ ነበር» በሉት። ትኩሳት ሲባል ሐሳብ ሁሉ ወደ ታይፎይድ ስለሚሮጥ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ታስተካክላለች። ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥ አይገባም፤ ለሌፕቶስፓይሮሲስ ከተለመዱት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር በሐኪም ካልታዘዘ አይሰጥም፤ ሌላ የሚስማማት አለ።



   

ደረጃ 10፦ ለአራስ ቤት መዘጋጀት

አይጥ ሕፃን ትነክሳለች፤ የሚስባት ፊቱና ጣቱ ላይ የቀረ የወተት ሽታ ነው። ስለዚህ ሥራው ከወሊዱ ሁለት ወር ቀድሞ ማለቅ አለበት፤ በመጨረሻው ወር ወጥመዱ ለሁለት ሳምንት ባዶ ማደሩን አረጋግጡ።

ሕፃኑ ከጠባ በኋላ አፉና እጁ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። መኝታው ከግድግዳ ይራቅ፤ ከወለልም ከፍ ይበል። የአልጋው ልብስ መሬት እየነካ አይንጠልጠል፤ እሱ መሰላል ነው። የፈሰሰ ወተት የነካው ጨርቅ አይደር።

አራስ ቤት ደግሞ በአራዳ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ምግብ የሚገባበት ቤት ነው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል የሚመጣው ሁሉ አጥሚት በቴርሞስ፣ ገንፎ ከነቅቤው፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። እናቲቱ ተኝታ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ፣ የተረፈው ገንፎ በየጥጉ ያድራል። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ ሥራ ስጡ፦ የመጨረሻው ጠያቂ እንደወጣ ገንፎውን የሚከድን፣ ሳህኑን የሚያጥብ፣ ፌስታሉን አስሮ የሚያወጣ። ያ ሰው እናቲቱ አትሁን።